ቀበቶ የታሰረለት ኪቦርድ

ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። እኔና ትምህርት አስረኛ ክፍል ላይ ተጣልተን እስካሁን አልታረቅንም፤ ስለዚህ የተሰበረ ፊደል ካያችሁ ጠግናችሁ እለፉ። ሁለተኛ ደግሞ ቁጡ ነኝ። ጠዋት ስነሳ የምቆጣበት ነገር ባጣ ጫማዬን ፈልጌ እቆጣዋለሁ። እንደኔ ያለ ሰው አንድን ነገር ሲያደንቅ ከሰማችሁ እውነትም ያ ነገር የሚደነቅ ነው ማለት ነው።

ናይሮቢ ውስጥ ባንድ አለን። ባንድ ስል ደግሞ መድረክ ሙሉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሦስት ነን። እትዬ አቦነሽ ይዘፍናሉ፤ ኪሌሌሽዋ ያለው ምግብ ቤትም የሳቸው ነው፤ የምንለማመደው ከምግብ ቤቱ ጓሮ፣ በቢራ ሳጥንና በሽንኩርት ጆንያ መሃል ነው። ሙሌ ድራም ይመታል። እኔ ኪቦርድ። አለቃችን እትዬ አቦነሽ ናቸው፤ ይህን ለማወቅ አንዴ ሲያዩዋችሁ በቂ ነው።

አሮጌው ኪቦርዳችን እንዴት እንደሞተ ልንገራችሁ። የመሃል ቁልፎቹ እንደ ሽማግሌ ጥርስ አንድ ባንድ ለቀቁ። ስጫነው ዝም። ጣቴ ይወርዳል፣ ድምፅ የለም። በቃ እኔ በአፌ መሙላት ጀመርኩ። ጣቴ ጎድጓዳው ላይ ሲደርስ አፌ "ላ!" ይላል። ተመጋቢው ስታይል መስሎት ያጨበጭባል። አንድ ቀን እየሳልኩ ተጫወትኩና ዘፈኑ አብሮኝ ሳለ። ያን ቀን እትዬ አቦነሽ "በቃ፣ ይቀበር" አሉ።

የሚቀበርበትን ቀን ያፋጠነው ደግሞ የሩንዳው ሰርግ ነው። ሩንዳን ለማታውቁ፣ ውሻው ራሱ ቀጠሮ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅበት ሰፈር ነው። የሙሽሪት አባት ትልቅ የውጭ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ ምግብ ቤቱ ድረስ መጥተው ምሳቸውን በልተው፣ አፋቸውን በናፕኪን ጫፍ ጫፉን ነክተው እንዲህ አሉ፦

"ባንዱን ወደነዋል። ብቻ ድምፁ ለስለስ ይበል። ጎረቤቶቻችን ፈረንጆች ናቸው፣ ይረበሻሉ። ያ ከበሮው ነገር... ትንሽ ይበዛል።"

ሁላችንም ዞረን ሙሌን አየነው። ሙሌ እንደ ሰው ሁሉ ነገር አለው፤ ድምፅ መቀነሻ ግን የለውም። ዱላውን ካነሳ አነሳ ነው።

ሰውየው እንደሄዱ እትዬ አቦነሽ ጠሩኝ። "ስማ፣ ምት ከውስጡ የሚወጣ ኪቦርድ አለ አሉ። ድምፁም ይቀነሳል፣ ይጨመራል። እውነት ነው?"

"እውነት ነው እትዬ።"

"ምረጥ። እኔ እገዛለሁ። ግን ትከሻዬን ይዤ አብሬ እመጣለሁ።"

ስለ ትከሻቸው ካላወራሁ ይህ ወግ አይገባችሁም። የእትዬ አቦነሽ ትከሻ ከእትዬ አቦነሽ ነፃ የወጣ አገር ነው። ምቱ ከተወላገደ ድንጋይ ነው፤ ብትለምኑትም አይነቃነቅ። ምቱ ልክ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ይሄዳል። አንድ ቀን ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ከኋላቸው የቆመ ሰው ስልክ በእስክስታ ምት ጮኸ። ትከሻቸው ሄደ። ዘበኛው የሚጥል በሽታ መስሎት ወንበር አመጣ። በዚህ ትከሻ ነው እንግዲህ ኪቦርድ የምንመርጠው። ፈረንጅ በማኑዋል ይመርጣል፤ እኛ በትከሻ።

ሦስታችንም መሃል ከተማ ወርደን የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ገባን። ሻጩ ኦቲየኖ ይባላል፤ ከረባቱ ከራሱ የሚረዝም፣ ሳቂታ ልጅ ነው። እንግዳ አየሁ ብሎ "ካሪቡ፣ ካሪቡ!" እያለ ሁለት ኪቦርድ ፊታችን ደረደረ።

ትንሹ ቀጭን ነው፤ እንደ ትሪ በአንድ እጅ ታነሱታላችሁ። መብራት ቢጠፋ በባትሪ ይሠራል። ድምፁም ማር ነው። ግን ምት የለውም፤ ድራመር አብሮት ካልተቀመጠ ባዶ ነው።

ትልቁስ? አቤት! እዚህ ላይ ቁጣዬን ለጊዜው አስቀምጡልኝ። ጥቁር፣ ደረተ ሰፊ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ ግራና ቀኝ እንደ ጡንቻ የያዘ። ሲበራ የአውሮፕላን ማረፊያ በማታ ይመስላል። ቫዮሊኑን ስነካው ፀጉሬ ቆመ። ክራር የሚመስለውን ስነካው ደግሞ ጣቴ አፈረ፤ "እኔ ለዚህ የሚሆን ጣት ነኝ?" አለ። ማን ነው ይህን የሠራው? የትኛው አገር፣ የምን እናት ልጅ? እኔ በሕይወቴ ማንንም መርቄ አላውቅም፤ ያን ቀን ያላየሁትን የጃፓን መሐንዲስ እስከ ዘር ማንዘሩ መረቅኩት።

"ምቱን አሰማን" አሉ እትዬ አቦነሽ፣ እጃቸውን አጣምረው እንደ ጉምሩክ ፈታሽ ቆመው።

ኦቲየኖ ቁልፍ ተጫነ። ሳምባ። ትከሻ ዝም። ሩምባ። ዝም። ፖልካ፣ ዲስኮ፣ ታንጎ፣ ስሙን የማላውቀው የተራራ አገር ጭፈራ። ዝም፣ ዝም። ቫልስ ሲመጣ የቀኝ ትከሻቸው ጫፍ ብድግ አለ። ኦቲየኖ በደስታ ሊዘል ሲል "ሃፕችው!" አሉ። ማስነጠስ ኖሯል።

"ችክችካውስ?" አልኩ። ችክችካ ያው ምታችን ነው፤ ያለሱ ሰርግ የለም፣ ያለሱ ትከሻ የለም።

ኦቲየኖ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈለገ። የለም።

ተናደድኩ። ታውቁኛላችሁ። "እንዴት ይሆናል! የብራዚል አምስት ዓይነት፣ የጀርመን ሁለት፣ አሥር ሰው የማይኖርባት ደሴት እንኳ የራሷ ቁልፍ አላት! እኛ ትከሻ የተሰጠን ለመሸከሚያ ነው እንዴ?"

ኦቲየኖ አማርኛ አይሰማ፣ ቁጣ ግን በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው። ክንዴን ያዝ አደረገና "ብራዘር፣ የኛም አገር ምት፣ ቤንጋ፣ የለበትም እኮ" አለኝ ቅስሙ ተሰብሮ። ሁለታችንም እንደተረሳ ዘመድ ጎን ለጎን ቆመን ማሽኑን ገላመጥነው። ከዚያ ትዝ አለውና "ግን ባዶ ቦታ አለው! የራስህን ምት ቀድተህ ታስቀምጥበታለህ፤ አይጠፋም" አለ።

"ማን ይቀዳል?" አሉ እትዬ አቦነሽ።

"ሙሌ ነዋ!" አልኩ።

 ሙሌ እጁን ኪሱ ከቶ ለሽያጭ የተደረደሩት የድራም ዱላዎች ጋ ቆሟል።

እትዬ አቦነሽ ማሽኑን አዩ፣ ሙሌን አዩ። "እሺ ቀዳው እንበል። ማሽኑ ከመታ ታዲያ ሙሌ ምን ይሠራል?"

 ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። ሙሌ እዚህ አገር ሌላ ሥራ የለው፤ ያቺ ባንድ ናት ቤቱም ዘመዱም። እኔም የምላስ ችኩል ነኝና፣

"ይሸከመዋል!" አልኩ።

እትዬ ሳቁ። ኦቲየኖ ሳይገባው ሳቀ። ሙሌ ራሱ ሳቀ፤ መጨረሻ ላይ ነው የሳቀው፣ እሱም በግማሽ አፉ።

"ሙሌ፣ አንተ ምን ትላለህ?" አሉት።

ትንሹን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ትልቁ ፊት ቆሞ ያን ክራር መሳዩን ድምፅ በአንድ ጣቱ፣ በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚቀሰቅስ ሰው ነካው። "ትልቁ ነው" አለ።

ጎትቼ ጥግ ወሰድኩት። "አንተ ሰው ጤና የለህም? እንጀራህን እኮ ነው የምትመርጥበት! ትንሹ ይሻላል ብትል ማን ይፈርድብሃል?"

"ድምፁን አልሰማኸውም?"

"ሰምቼዋለሁ!"

"ታዲያ እንዴት ትንሹ ይሻላል ልበል? ዋሽቼ?"

ፍረዱኝ እስቲ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? እኔ ብሆን ትልቁን በእግሬ ገፍቼ ጥዬ "ወድቆ ተሰበረ" እል ነበር።

ገዛነው። ለማንሳት ሞከርኩ፤ ወገቤ "ቀጭ" አለና ተውኩት። ሙሌ አነሳው። የቀለድኩት ሁሉ እዚያው በሩ ላይ እውነት ሆነ።

በማግስቱ ከሰዓት ጓሮ ገብተን ምቱን መቅዳት ጀመርን። እያንዳንዱ ቁልፍ የድራም አንድ አካል ሆኗል፤ አንዱ ድም፣ አንዱ ጠቅ፣ አንዱ ጭስ ይላል። ያ በሁለት ክንዱ ጣራ የሚያነቃንቅ ሰውዬ በሁለት ሌባ ጣቱ እንደ ዶሮ ለቀም ለቀም ማድረግ ያዘ። ቀዳ። መልሰን ሰማነው። ምን ሆነ መሰላችሁ? ምቱ ቀጥ ብሏል! ልክ እንደ ፖሊስ ሰልፍ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ።

"ይሄ የኔ አይደለም" አለ ሙሌ።

ለካ ማሽኑ አራሚ ነው። አንተ ትንሽ ዘግየት ካልክ "ተሳስተሃል" ብሎ ወደ መስመር ይስብሃል። አስረኛ ክፍል የነበረኝ የሒሳብ አስተማሪ ራሱ እንዲህ አልደፈረኝም። የሙሌ ጥበብ ያለው ደግሞ እዚያች መዘግየት ውስጥ ነው! ምቱን ሊጥላት ሲል ያዝ ያደርጋታል፣ ልብህ "ወደቀች" ሲል ያኔ ይለቃታል። ያቺን ያዝ ማድረግ ማሽኑ ስህተት አላት። ማኑዋሉን ገልብጬ ገልብጬ፣ ሥዕሉን ብቻ እያየሁ፣ ማረሚያውን የሚያጠፋውን ቁልፍ አገኘሁ። ሕይወቴን ሙሉ ማረሚያ የሚጠፋበትን ቁልፍ ስፈልግ ነው የኖርኩት፤ ደስታዬን አስቡት።

ሙሌ እንደገና ቀዳ። ተጫንኩት።

ወጥ ቤት ውስጥ እትዬ አቦነሽ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። በመስኮት አየኋቸው። ቢላዋው ቆመ። ትከሻው ሄደ። ጎመን አጣቢዋ ሳህን ይዛ ሸሸች።

ሙሌ በዚህ አላበቃም። የጉራጌውን ቀዳ። የኦሮሞውን ቀዳ። የወሎውን፣ ለሙሽራ መግቢያ የሚሆነውን ለስላሳውን፣ ሁሉንም። አንዷን እንኳ ሆን ብሎ ቢያሳስታት፣ አንዷን አንካሳ ቢያደርጋት፣ ያኔ "ማሽን ያው ማሽን ነው፣ ሙሌ ይምጣ" ይባል ነበር። እኔ ሁሉንም አንካሳ አደርጋቸው ነበር፤ ዊልቸር ነበር የማስገዛቸው። እሱ ግን ትንሽ የተዛነፈች ከመሰለችው አጥፍቶ እንደገና ይቀዳል። በእጁ ምትኩን እየሠራ፣ ምትኩ እንዲያምር ይጨነቃል። ያን ቀን ነው ሰውየውን በደንብ ያየሁት። ንዴቴም ባሰ፤ ደግ ሰው ያናድደኛል፤ ምን ብለህ ትሰድበዋለህ?

የሰርጉ ቀን ደረሰ። እትዬ አቦነሽ የሰርጉ ወጥም የሳቸው ስለሆነ ከነድስቶቻቸው በፒክአፕ ቀድመው ሄዱ፤ ድስትና እሳቸው ሞልተውት ለኛ ቦታ የለም። እኔ፣ ሙሌና ኪቦርዱ መሃል ከተማ ማታቱ ተራ፣ ያው ሚኒባስ ታክሲ ተራ፣ ሄድን። ድራሙ ቤት ቀርቷል። ሙሌ "ልርዳህ ብዬ ነው" እያለ ነው የመጣው፤ ማንም ግን "ና" አላለውም፣ ማንም "ቅር" አላለውም።

በዚያ ሰሞን የማታቱ ሕግ ተለውጧል። ድሮ ቢሆን ኪቦርዱ በተሳፋሪ ጭን ላይ እንደ ሬሳ ተጋድሞ ይሄድ ነበር። አሁን የቆመ ሰው የለም፣ ትርፍ የለም፣ ሁሉም ቀበቶ ያስራል። ረዳቱ ኪቦርዱን ከላይ እስከ ታች ለካው። ከወንበር ሥር አልገባ። ከኋላ አልገባ። መተላለፊያው ላይ ፖሊስ ይከሳል። ራሱን አከከና ፈረደ፦

"ይሄ ሰው ነው።"

"ምን?"

"ሰው ነው። ወንበር ይይዛል፣ ይከፍላል።"

የቀሩት ወንበሮች ሁለት ነበሩ። ሙሌ ኪቦርዱን ተሸክሞ አስገባው፣ ወንበሩ ላይ አቆመው፣ ረዳቱ ቀበቶውን በደረቱ ላይ አዙሮ ጠቅ አደረገለት። ሙሌ ወርዶ በሩ ላይ ቆመ።

"አንተ ግባ" አለኝ።

"አንተስ?"

"ያላንተ ማን ይጫወተዋል? እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ።"

"ሀራካ፣ ሀራካ!" እያለ ረዳቱ ገፍቶ አስገባኝና መኪናዋ ተነሳች። በመስኮት ዞሬ አየሁ። ሙሌ ባዶ እጁን ተራው ላይ ቆሟል። የሱ ወንበር ላይ ደግሞ የሱን ምት በሆዱ የያዘ ጥቁር ሳጥን፣ ቀበቶ ታስሮለት፣ ከተማ እያየ ይሄዳል።

አደባባዩ ጋ ትራፊክ አስቆመን። አንገቱን አስገብቶ ሁሉን ቃኘ። ዓይኑ ኪቦርዱ ላይ አረፈ።

"ይሄ ማን ነው?"

"ሙዚቀኛ ነው አፈንዴ" አለ ረዳቱ።

ትራፊኩ ቀበቶውን ሳብ አድርጎ ፈተነው። ጠብቋል። ራሱን ነቀነቀ፣ ተደሰተ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "አንተስ? ጓደኛህ ሕግ አክብሮ ተቀምጧል፤ የአንተ ቀበቶ የት አለ?" ለካ በንዴት ረስቼዋለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ እያየኝ፣ ከዕቃ አንሼ፣ አሰርኩ። አጠገቤ የነበሩት እናት "ከሱ ተማር ልጄ" አሉኝ፤ ወደ ኪቦርዱ እያሳዩ።

ሩንዳ መግቢያ ላይ ወረድን። ረዳቱ ኪቦርዱን አውርዶ መንገድ ዳር አስቀመጠልኝና ሄደ። ከዚያ እስከ ሰርጉ ቤት ረጅም መንገድ ነው፣ ማታቱ አይገባም። ላነሳው ሞከርኩ። አልተነሳም። ልጎትተው ሞከርኩ፤ የበሩ ዘበኛ መጥቶ አስፋልቱን እንዳልቧጥጥ አስጠነቀቀኝ። የዓለምን ምት ሁሉ የያዘ ማሽን፣ እግር የለው! ስልኬ ጮኸ።

"የት ናችሁ? ሙሽሮቹ እኮ ገቡ!" እትዬ አቦነሽ ናቸው።

"ደርሰናል እትዬ፣ በሩ ጋ ነን።"

"ማንና ማን?"

"እኔና ኪቦርዱ።"

"ሙሌስ?"

"ወንበር አጥቶ ቀረ።"

"ማን ያዘበት?"

"ኪቦርዱ።"

 ከኋላቸው የድስት ክዳን ይሰማል። "ስማ፣ ያለሱ በሩን እንዳታልፍ" ብለው ዘጉት።

ሙሌ በኋለኛው ማታቱ መጣ። ፊቱ አልተኮሳተረም። ኪቦርዱን እንደ ተኛ ልጅ ትከሻው ላይ አጋደመውና ሄድን። እኔ የሶኬት ገመዱን ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ፤ እሱም ከብዶኛል።

ድንኳኑ ሣር ላይ ተተክሏል፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል። ሰካሁ፣ አበራሁ፣ የሙሌን ችክችካ ተጫንኩ። ወጣ! ያቺ ያዝ ማድረግ፣ ያቺ መልቀቅ፣ ሁሉም እንዳለች። እትዬ አቦነሽ ከፍ ባለው ድምፃቸው ገቡበት፣ ትከሻቸውም ገባበት። የሙሽሪት አባት ከሩቅ አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ፤ ድምፁ ልክ ነው።

ሙሌ የድንኳኑ ምሰሶ ጋ ቆሟል። ጣቶቹ ምሰሶውን ይነካካሉ፤ የሚይዙት አጥተዋል። በዚህ መሃል አንዲት የሙሽሪት አክስት ክንዱን አፈፍ አደረጉት።

"አንተ፣ ሰርግ ቤት እንዲህ ይቆማል?"

"ሠራተኛ ነኝ እናቴ።"

"የምን ሠራተኛ? ምን ትሠራለህ?"

ሙሌ ወደ እትዬ አቦነሽ አየ። ወደ ማሽኑ አየ።  አክስትየው ጎትተው መሃል ከተቱት።

አስቡት እንግዲህ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሁሉ በሰው ሰርግ ተቀምጦ ነው የኖረው። እጁ ስለማይፈታ አንድ ቀን ተነስቶ ጨፍሮ አያውቅም። መጀመሪያ እንደ አፈረ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ከዚያ ግራ ትከሻው "እስቲ" አለች። ቀኙ መለሰላት።

ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ! ምቱ ወዴት እንደሚታጠፍ ከማሽኑ በፊት ያውቃል፤ ራሱ ነዋ ያጠፈው። ማሽኑ ሊይዛት ሲል ትከሻው ይይዛታል፣ ሊለቃት ሲል አንገቱ ይለቃታል። ደረቱ ብቻውን ያወራል፣ እግሩ ብቻውን ይመልሳል። ሰው ወንበሩን ትቶ ከበበው። በአጥር በኩል ያ የተፈራው ፈረንጅ ጎረቤት ከነሚስቱ ብቅ አለ፤ ሊከስ መስሎኝ ድምፁን ልቀንስ ስል የሙሽሪት አባት ከረባታቸው ትከሻቸው ላይ ዞሮ "ጨምረው! ምን ሆነሃል፣ ጨምረው!" ብለው ጮኹብኝ። እትዬ አቦነሽም ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው እዚያው ግጥም ፈጠሩ፦

"ከበሮውን ትቶ መጣ በትከሻው፣
የሩንዳን ሰው ሁሉ ከወንበር አስነሣው።"

ድንኳኑ ሊነቀል ደረሰ። ሰርገኛው ግጥሙን ሲቀበልላቸው ወደኔ ጎንበስ አሉ። "ለሚቀጥለው ሰርግ ነጭ ልብስ አሰፋለታለሁ። ከፊት ነው የሚቆመው።"

"ድራሙስ እትዬ?"

"ድራሙም ይመጣል፣ እሱም ይመጣል፣ ያንተም ሳጥን ይመጣል። መኪና እኔ እከራያለሁ። ሰው ወንበር አጥቶ የሚቀርበት ባንድ የለኝም!" ብለው ወደ ዘፈናቸው ተመለሱ።

እኔ ሻይ አማረኝ፣ ጣቴ ደነዘዘ፣ ሽንቴ መጣ። ሙሌ ግን አላበቃም፤ አክስቶቹን አድክሞ ሙሽራውን ይዟል፣ ሙሽራውን ለቆ ፈረንጁን በአጥር ላይ ትከሻ ያስተምራል። ሳየው አፌ ተከፍቶ ቀርቷል፤ እኔ፣ ጫማዬን የምቆጣው ሰውዬ፣ ዓይኔ ሞልቶ አጨበጭባለሁ፣ ደግሞ መልሼ ቁልፉን እይዛለሁ። የምቱ ማቆሚያ ቁልፍ ከአውራ ጣቴ አጠገብ ነበረች፤ ቀይ፣ ትንሽ፣ አንድ ጊዜ ነካ ቢያደርጓት በቃ የምትል።

ማን ወንድ ነው የሚነካት!